በሸክም አልወጣም

ነገሩ ከመለወጡ በፊት እንዲህ ነበር። አርባ ምንጭ፣ ሴቻ ሰፈር ያለው ትምህርት ቤታችን አንድ ፎቅ ያለው ሕንፃ አለው። ከግቢው መሬት እስከ በረንዳው ሁለት እርከን፣ አርባ ሳንቲሜትር ነው። ታች ሁለት የማኅበራዊ ሳይንስ ክፍሎች፣ የርዕሰ መምህሩ ቢሮና የመምህራን ማረፊያ አሉ። ከማረፊያው ቀጥሎ በሩ ሰፊ የሆነ፣ ተቀምጠው የሚጠቀሙበት መጸዳጃ ቤት አለ። ቁልፉ መምህራን ዘንድ ነው። የተፈጥሮ ሳይንስ ክፍሎችና ቤተ ሙከራው ፎቅ ላይ ናቸው። ደረጃው ከውጭ በግቢው በኩል ነው፤ መሐሉ ላይ ይታጠፋል። መታጠፊያው ጠባብ ስለሆነ ተሽከርካሪ ወንበር በዚያ የሚያልፈው ከብረት መደገፊያው በላይ ተንጠልጥሎ ነው።

እኔ ኖላዊት ካሱ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ የመረጥኩት የተፈጥሮ ሳይንስ ነው። እግሮቼ ከሕፃንነቴ ጀምሮ አይሄዱም። በየጠዋቱ አራት ልጆች ወንበሬን በአራቱም በኩል ይዘው ያወጡኛል፤ ትምህርት ሲያልቅ ያወርዱኛል። በእረፍት ሰዓት አያወርዱኝም። እረፍቱ አጭር ነው፣ እነሱም ኳስ አላቸው። ስለዚህ ከእንቅልፌ ከተነሣሁበት ሰዓት ጀምሮ ትምህርት እስኪያልቅ ድረስ ውኃ አልጠጣም ነበር። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ሰው የሚያውቀው ሌላ ነገር ነው። በርዕሰ መምህራችን በአቶ ሰይፈሥላሴ ቢሮ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ ፎቶ ተሰቅሏል። አራቱ ልጆች ወንበሬን ተሸክመው ደረጃው ሥር ቆመው ይስቃሉ። እኔም እስቃለሁ። ከሥሩ «ፍቅር ያለበት ትምህርት ቤት» ተብሎ ተጽፏል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያሳዩት ፎቶውን ነው፤ ቀጥሎ እኔን።

ኅዳር ላይ ታመምኩ። ትኩሳት ነበረኝ፣ ወገቤን በግራ በኩል ይወጋኝ ነበር። የማድረው ሲቀላ ሰፈር፣ አክስቴ ልክነሽ ቤት ነው፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ካሉት እርሻዎች ሙዝ መኪና ላይ ስትጭን ትውላለች። የዚያን ዕለት ሥራዋን ትታ ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ።

የመረመረችኝ ሴትዮ ውጤቱን አየችና፣ «ውኃ ትጠጫለሽ?» አለችኝ።

«ማታ ማታ።»

«ማታ ማታ መድኃኒት ነው የሚወሰደው። በዚህ ሙቀት ቀን ሳትጠጪ እየዋልሽ ነው? ኩላሊትሽ ተቆጥቷል። ይህ ሁለተኛ ከተመለሰ በክኒን አይመለስም።»

በባጃጅ ስንመለስ አክስቴ የመድኃኒቱን ከረጢት ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ፣ «አርባ ምንጭ ላይ ተቀምጠሽ በውኃ ጥም ልትሞቺ ነው?» አለች።

«ብጠጣ ሽንቴ ይመጣል። ሽንት ቤቱ ታች ነው፣ እኔ ላይ ነኝ።»

«ለልጆቹ ሙዝ እልክላቸዋለሁ። በእረፍትም ያወርዱሻል።»

«ሽንት ቤት በሙዝ አልሄድም፣ አክስቴ።»

ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ፤ ሴቻና ሲቀላን የሚያገናኘውን ቁልቁለት እስክንጨርስ ፊቷን ወደ ውጭ አዙራ ሄደች።

አክስቴ ግቢ ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ሕግ የምታጠና ሄራን የምትባል ልጅ ተከራይታ ትኖራለች። ልብሷን ስታሰጣ ጠራኋትና ሕጉ ስለዚህ ምን እንደሚል ጠየቅኋት። እርጥቡን ሻሽ ትከሻዋ ላይ እንደጣለች ስልኳን አውጥታ ፈለገች።

«የሕንፃ አዋጁ አለ። ሕዝብ የሚጠቀምበት ሕንፃ አካል ጉዳተኛ ሊገባበት የሚችል መንገድ ይኑረው ይላል። ሌላ ደግሞ አገሪቱ ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች ስምምነት አለ። ትምህርት ላይ ለተማሪው ተመጣጣኝ ማመቻቸት ይደረግለት ይላል።»

«ማመቻቸት ሲል፣ ተሸክሞ ማውጣትን ይጨምራል?»

ወደ ታች እየገፋች አነበበች። «ሸክም የሚል ቃል አላገኘሁም። ግን ልንገርሽ? ሕጉ ራሱ መጥቶ በር አይከፍትልሽም። አንቺ ነሽ የምታንኳኪው።»

ሰኞ ጠዋት ደረጃው ሥር ደረስኩና ፍሬኑን ያዝኩ። ኢያኤል እንደ ወትሮው በቀኝ በኩል መጣ። ከአራቱ ዋናው እሱ ነው፤ «አንድ፣ ሁለት» የሚለው እሱ ነው።

«ኖላ፣ እናንሣ?»

«አይ። በሸክም አልወጣም።»

«አሁንም አሞሻል እንዴ?»

«ድኛለሁ።»

እጁን ከወንበሩ ላይ አነሣ። «ጣልንሽ? እኔ ሳልኖር ጥለውሻል?»

«ማንም አልጣለኝም። ደጎች ናችሁ። ደግነታችሁ ግን እረፍት ሲደወል ኳስ ሜዳ ይሄዳል። ሽንቴ ቢመጣ ማንን ልጥራ?»

አንገቱን ደፋ። ከኋላው የነበሩት ሦስቱ ጫማቸውን ማየት ጀመሩ።

«ብትነግሪን እናወርድሽ ነበር እኮ» አለ ቀስ ብሎ።

«አራት ወንዶች ሰብስቤ ሽንቴ መጣ ብዬ ላውጅ? በየቀኑ?»

ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ኢያኤል ዞሮ ሲያየው ዝም አለ። ደወሉ ተደወለ። እነሱ ወጡ፣ እኔ ቀረሁ። የፊዚክስ መምህሩ ጠመኔውን ሰሌዳው ላይ ሲመታ ይሰማኛል፤ የሚለው ግን አይሰማም።

አቶ ሰይፈሥላሴ ከቢሯቸው ሲወጡ አዩኝ።

«ልጆቹ የት ሄዱ? ጥለውሽ ሄዱ?»

«እኔ ነኝ አልወጣም ያልኩት። ክፍላችን ወደ ታች እንዲወርድልኝ እጠይቃለሁ።»

ከጎኔ ቁጢጥ አሉ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሁልጊዜ ከእኔ ጋር ሲነጋገሩ ቁጢጥ ይላሉ። «ልጄ፣ ይህን ያህል ከሆነ መፍትሔው ቀላል ነው። ማኅበራዊ ሳይንስ ታች ነው። ዛሬውኑ ግቢ። ጂኦግራፊ ትማሪያለሽ፤ ካርታ ላይ የማትደርሺበት አገር የለም።»

«ፊዚክስ ነው የመረጥኩት።»

«ማኅበራዊም ሳይንስ ነው።»

«ነው። የመረጠው ሰው ይማረው።»

ስለ አዋጁ ነገርኳቸው። ሳያቋርጡ አዳመጡ፤ ከዚያ፣ «ይህ ሕንፃ ከአዋጁ በፊት የተሠራ ነው» አሉ። መልሱ ዝግጁ ነበር፤ ከእኔ በፊትም ጠያቂ ነበረ ማለት ነው።

«ክፍል መቀያየር ግንባታ አይደለም።»

ተነሡ። ጉልበታቸው ላይ ያለውን አቧራ አራገፉ። «ወላጅሽን አምጪ» አሉ።

አባቴ ረቡዕ ደጋ ካለው አገራችን ከገረሴ በመጀመሪያው መኪና ወረደ። ለደጋው ብርድ የለበሰው ወፍራም ጋቢ ሴቻ ሲደርስ እላዩ ላይ ከበደው፤ አጣጥፎ ክንዱ ላይ አደረገው። ወንበሬን በረንዳው ላይ አወጣልኝ። ቢሮ ውስጥ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ የመምህራን ተወካዩ ቲቸር በርናባስና እኛ ነበርን። ቲቸር በርናባስ ባዮሎጂ ያስተምሩናል። ግዙፍ ናቸው፣ ጨዋታ ያውቃሉ፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል።

ርዕሰ መምህሩ ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ የምዛወርበትን ቅጽ አባቴ ፊት አስቀመጡና እስክሪብቶውን ከላዩ አደረጉ። አባቴ ፎቶውን ነበር የሚያየው።

«እነዚህ ናቸው የሚሸከሟት?» አለ።

«እነሱ ናቸው። አሁን ግን አልፈልግም ብላቸዋለች።»

አባቴ ወደ እኔ ዞረ። ጋሞኛ ነው የተናገረው፤ እዚያ ክፍል ውስጥ የማይሰማው ሰው አልነበረም። «በእኛ በኩል የታመመ ሰው በቃሬዛ ወደ መኪና መንገድ ሲወርድ፣ መንገድ ላይ ያገኘው ሁሉ ትከሻውን ያስገባል። ከተሸካሚው ጋር ቢጣላም ያስገባል። የሰው ትከሻ አልፈልግም የሚባል ነገር ከየት ተማርሽ? እኔስ ይህን ይዤ እንዴት ወደ ገረሴ እመለሳለሁ?»

አቶ ሰይፈሥላሴ ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።

«አባዬ» አልኩት፣ «በቃሬዛ የሚወርደው ማን ነው?»

«የታመመ ነዋ።»

«ሌላስ?»

ጋቢውን ከክንዱ ወደ ጭኑ አዛወረ። «የሞተ» አለ።

«እኔ አልታመምኩም፤ አልሞትኩምም። የታመመውን የምትሸከሙት መኪናው እስኪገኝ ነው። ከዚያ ታወርዱታላችሁ። እኔን የሚያወርደኝ የለም። ላይ አስቀምጠውኝ ይሄዳሉ፤ እኔ ደግሞ ወደ ሽንት ቤት መውረድ ስለማልችል ውኃ አልጠጣም። የታመምኩት በዚህ ነው።»

አባቴ ይህን አልሰማም ነበር። አክስቴ በስልክ የነገረችው ኩላሊት ነው ብላ ብቻ ነው። ርዕሰ መምህሩን ትክ ብሎ አያቸው። «እርስዎ ያውቁ ነበር?»

«እኔ... ሽንት ቤት አለን እኮ፣ ታች...»

«ታች» አለ አባቴ። እስክሪብቶውን አንሥቶ ከቅጹ ላይ ወደ ርዕሰ መምህሩ በኩል መልሶ አስቀመጠው።

እኔ ቀጠልኩ። ሐሳቤ አንድ ነበር። የመምህራን ማረፊያው ወደ ፎቅ ይውጣ፤ የእኛ ክፍል ወደ ማረፊያው ይውረድ፤ ከጎኑ ያለው መጸዳጃ ቁልፍ ለእኔም ይሰጠኝ። የሁለቱ ክፍሎች ስፋት እኩል ነው፤ ኢያኤል ለክቶልኛል።

«ማረፊያውን?» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ። «መምህራኑ በየእረፍቱ ፎቅ ሊወጡ? ዕድሜያቸው የገፋ አሉ። ይኸው በርናባስ፣ ጉልበቱን...»

«ጉልበቴ ነገር ነው» አሉ ቲቸር በርናባስ ጉልበታቸውን እያሻሹ። «ለትምህርት መውጣቱን እንደ ምንም ችያለሁ። ለሻይም ውጣ ካላችሁኝ አልችልም።»

«ታዲያ ልጆቹ ይሸከሙዎት» አልኩ።

ቲቸር በርናባስ ጉልበታቸውን ማሻሸት አቆሙ።

«የእኔ ወንበር ይከብዳል፣ የእርስዎ ፕላስቲክ ነው። ልጆቹ ለምደውታል። ፍቅር ያለበት ትምህርት ቤት ነው።»

ቲቸር በርናባስ ድንገት ሳቁ፤ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። አቶ ሰይፈሥላሴ አልሳቁም። «እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቼሻለሁ» አሉ። «ወይ ትወጫለሽ፣ ወይ ትዛወሪያለሽ። ክፍል ያልገባ ተማሪ ቀሪ ነው የሚባለው፤ ቀሪ የበዛበት ደግሞ ፈተና አይቀመጥም።»

ስንወጣ ኢያኤል በረንዳው ላይ ምሰሶ ተደግፎ ቆሞ ነበር። መስኮቱ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰምቷል። አባቴ ወደ ገረሴ አልተመለሰም፤ አክስቴ ቤት አደረ።

በማግሥቱ ጠዋት ከማረፊያው የወጣ አንድ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ደረጃው ሥር ተቀምጦ አገኘሁ። አራቱ ልጆች ዙሪያውን ቆመዋል፣ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ አስገብተዋል። መምህራኑ አንድ በአንድ ሲመጡ ኢያኤል ጎንበስ ይላል።

«ቲቸር፣ ይቀመጡ። እናውጣዎት።»

የሒሳብ መምህሯ፣ «ሂድ ወዲያ» ብላው ወጣች። የኬሚስትሪው መምህር፣ «ቀልድ ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ኢያኤል፣ «አይደለም ቲቸር፣ በፍቅር ነው» አለው። ተማሪው በረንዳው ላይ ተሰበሰበ። አባቴም ሊያደርሰኝ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

ቲቸር በርናባስ መጡ። ወንበሩን አዩ፣ እኔን አዩ። ገባቸው። ሳይቀየሙ ሳቁ። «እሺ፤ ዛሬ እንደ ንጉሥ ልገባ ነው» ብለው ተቀመጡ። የፕላስቲኩ እግሮች ወደ ውጭ ተከፈቱ።

«አንድ፣ ሁለት» አለ ኢያኤል።

ተነሡ። ተማሪው አጨበጨበ፤ ቲቸር በርናባስም እጃቸውን አውለበለቡ። እስከ መታጠፊያው ድረስ ይስቁ ነበር። መታጠፊያው ላይ ሁለቱ የፊት ልጆች ዞሩ፤ ወንበሩ እንደ እኔው ወንበር ከብረቱ በላይ ወጣ፤ የቲቸር በርናባስ ጫማዎች ከግቢው ሲሚንቶ በላይ በባዶው ተንጠለጠሉ። ሳቃቸው ቆመ። በሁለት እጃቸው ብረቱን ያዙ።

«አውርዱኝ።»

«ትንሽ ነው የቀረን፣ ቲቸር።»

«አውርዱኝ ነው የምላችሁ። ኢያኤል፣ አሁን!»

«እዚህ ላይ ማውረጃ ቦታ የለም፣ ቲቸር» አለ ኢያኤል። ውሸት አልነበረም። «ብረቱን ይልቀቁት፤ ከያዙት ይከብደናል።»

ለቀቁት። ዓይናቸውን ጨፍነው ነው ቀሪውን የወጡት። ማንም አላጨበጨበም።

እረፍት ሲደወል ልጆቹ እንደ ወትሮው ወደ ኳስ ሜዳ ሮጡ። ቲቸር በርናባስ ብረቱን እየያዙ፣ አንድ እግር አስቀድመው ሌላውን እያስከተሉ በእግራቸው ወረዱ። ፊቴ ቆሙ።

«ኖላዊት።»

«አቤት፣ ቲቸር።»

«እዚያ መታጠፊያው ላይ... ሁልጊዜ እንዲያ ነው?»

«ሁልጊዜ።»

«ፎቶው ላይ ግን ትስቂያለሽ።»

«እርስዎም ሲያነሡዎት ይስቁ ነበር።»

ግንባራቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ማረፊያው ውስጥ ገቡ፤ የሻይ ብርጭቆአቸውንና ወንበራቸው ላይ የሚያነጥፉትን ትራስ ይዘው ወጡ። በሩ ላይ ቆመው ወደ ውስጥ፣ «እኔ ከዛሬ ጀምሮ ሻዬን ፎቅ ነው የምጠጣው» አሉ። «ጉልበቱ ያመመው ሰው ቀስ ብሎ ይውጣ። ቀስ ብሎ መውጣት ይቻላል። ቀስ ብሎ መንጠልጠል ነው የማይቻለው።»

አንዲት መምህርት፣ «ማን ወሰነ?» ስትል ተሰማኝ። «ልጆች የተሸከሙት ሰው ወሰነ» አሏትና ደረጃውን ጀመሩ።

አቶ ሰይፈሥላሴ ሲሰሙ ግቢው መሐል ድረስ መጡ። ዛሬ ቁጢጥ አላሉም። «በአድማ የሚተዳደር ትምህርት ቤት የለም» አሉኝ።

«መጀመሪያ በቃል ጠይቄአለሁ። አሁንም የምጠይቀው ያንኑ ነው። እምቢ ካሉ እምቢ ያሉበትን ምክንያት በጽሑፍ ይስጡኝ፤ ከሄራን ጋር ወደ ዞን ትምህርት መምሪያ ይዤው እሄዳለሁ። ከአዋጁ በፊት የተሠራ ሕንፃ ነው ብለው ይጻፉ። ክፍል መቀየር የሚከለክል አዋጅም ካለ እሱንም ይጻፉበት።»

ወደ ፎቁ ቀና አሉ፤ ቲቸር በርናባስ ከላይ ሆነው ብርጭቆአቸውን አነሡላቸው። «ለሙከራ» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ በመጨረሻ። «እስከ መንፈቅ ዓመቱ ማብቂያ። ዴስኩን የሚያወርድ ሠራተኛ ግን የለኝም።»

ያኔ ነው አባቴ የተናገረው፣ በአማርኛ። ጋቢውን ወንበሬ መያዣ ላይ አንጠለጠለና፣ «ሸክም የሚፈልግ ነገር ካለ ይኸውና ትከሻ» አለ። ወደ ኳስ ሜዳው አፏጨ። ኢያኤልና ልጆቹ እየሮጡ መጡ። አባቴ የመጀመሪያውን ዴስክ ከፎቅ በራሱ ትከሻ አወረደ፤ ልጆቹ ተከተሉት። መታጠፊያው ላይ ሁሉም ዴስክ ብረቱን እየጫረ ነው ያለፈው። አባቴ ላብ በላብ ሆኖ ሲወርድ አጠገቤ ቆም አለ።

«ጠባብ ነው» አለኝ።

«ነው።»

«ገረሴ ስመለስ እነግራቸዋለሁ» አለና ሌላ ዴስክ ሊያመጣ ወጣ።

የቀረው በረንዳው ነበር። ወንበሬ የሚወጣበት ተዳፋት መንገድ፣ ራምፕ፣ እንዲሠራ ብጠይቅ ትምህርት ቤቱ አንድ ግንበኛ ቀጠረ። ግንበኛው ከግቢው እስከ በረንዳው አንድ ሜትር ተኩል ርዝመት ያለው ሲሚንቶ ደፍቶ፣ በግንበኛ ማንኪያ አለስልሶ፣ ደስ ብሎት ሄደ። ስሞክረው ወንበሬ ወደ ኋላ ተንሸራተተ፤ ኢያኤል ባይይዘኝ አናቴን እመታ ነበር።

«ይፍረስ» አልኩ።

«ልጄ» አሉ አቶ ሰይፈሥላሴ፣ «ራምፕ አልሽ፣ ራምፕ ተሠራ። አንዳንዴ ማመስገንም አለ።»

«ሲሠራልኝ አመሰግናለሁ። ይህ የተሠራው ለሲሚንቶው ነው። ሰው ከኋላ ካልገፋኝ የማልወጣበት ከሆነ ያው ሸክም ነው፤ ቁመቱ ነው ያጠረው።»

የእኛ ክፍል እረፍት ላይ በፊዚክስ የምንማረውን ያጋደለ ገጽ ሰሌዳው ላይ ሣለ። ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት፤ መሐንዲሶች የሚሠሩበት ልክ ነው። አቶ ሰይፈሥላሴ በር ላይ ቆመው አዩት። ሲሚንቶው በመዶሻ ፈረሰ። ግንበኛው ሁለተኛ ሲመጣ አጠገቡ ሆኜ ሜትሩን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ተነጫነጨ፣ ግን ሠራ።

ሲደርቅ አቶ ሰይፈሥላሴ ፎቶ አንሺ ይዘው መጡ። አሮጌው ፎቶ ከግድግዳው ወርዷል፤ ቦታው ነጣ ብሎ ይታያል።

«እኔ የሌለሁበት ይሁን» አልኳቸው። «ራምፑን ያንሡት። ለእኔ ብቻ አይደለም የተሠራው።»

ሲያነሡት ቲቸር በርናባስ ማስጠንቀቂያ ሳይሰጡ በራምፑ ላይ ሲወጡ ፎቶው ውስጥ ገቡ። የበረንዳውን ሁለት እርከን ከመርገጥ ይልቅ እሱን ይመርጣሉ፤ ጉልበታቸውን አያማቸውም።

ቤተ ሙከራው እስካሁን ፎቅ ላይ ነው። የሚወርዱትን ዕቃዎች እያወረዱልን ታች እንሠራለን፤ የማይወርዱትን ጉዳይ በጽሑፍ አስገብቻለሁ፣ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ለሙከራ የተባለው የክፍል ለውጥ መንፈቅ ዓመቱ ሲያልቅ አልተነሣም። ፊዚክስ ከክፍሌ ሁለተኛ ወጣሁ፤ አንደኛ የወጣው ኢያኤል ነው፣ በየቀኑ ያስታውሰኛል።

በረንዳው ከፍታው አርባ ሳንቲሜትር ነው። ራምፑ አራት ሜትር ከሰማንያ ነው። የመጸዳጃው ቁልፍ አንዱ አንገቴ ላይ ነው። ከጠዋት እስከ ትምህርት ማብቂያ አንድ ሊትር ተኩል ውኃ እጠጣለሁ።